ሬይን ፌድ ምንድን ነው? ዝናብ ሲመጣ ዲሹ ለምን ይቆራረጣል?

ክረምት ገባ ማለት የዲሽ ጣጣም አብሮ ገባ ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጥቁር ብሎ ዶፉን ሲለቀው መጀመሪያ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዛ "ኖ ሲግናል" ብሎ ቁጭ። ሬይን ፌድ የሚባለው ይሄ ነው፣ ዝናብ የሳተላይቱን ሲግናል ሲያዳክመው ማለት ነው።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው፣ ሲግናሉ ይሄን ሁሉ መንገድ ደህና ይመጣና የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው፣ ዝናቡ ያለው እዛ ስለሆነ። እኛ ቤት የምናያቸው አብዛኞቹ ቻናሎች የሚመጡት ኬዩ ባንድ በሚባለው የሞገድ ክልል ነው፣ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ፣ ሞገዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚረዝመው፣ ትልልቁ የዝናብ ጠብታ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ሞገዱ ጠብታውን ዝም ብሎ አያልፈውም፣ ከፊሉን ውሃው ይውጠዋል ከፊሉን ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይበትነዋል። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ ከሆነ በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ብቻ የሲግናሉ ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዝናብ የሌለው ደመና ግን ያን ያህል አይጎዳም። በየግቢው የነበሩት ትላልቅ የሲ ባንድ (ሌላ የሞገድ ክልል) ዲሾችም ክረምትን የሚችሉት ሞገዳቸው ረዘም ብሎ 7.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነና ጠብታው ብዙም ስለማይነካው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ዲጂታል ስርጭት እንደ ድሮው አንቴና ቀስ በቀስ እየደበዘዘ አይሄድም፣ ሪሲቨሩ የሚፈልገው ትንሹ ኳሊቲ (የሲግናሉ ጥራት) እስካለ ድረስ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከዛ በታች ሲወርድ ተሰባብሮ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ በደረቅ ቀን ኳሊቲው 90 የሆነ ዲሽም፣ ለመቆረጥ ትንሽ የቀረው ዲሽም ቲቪው ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልዩነታቸው የሚታወቀው ዝናብ ሲመጣ ነው፣ የመጀመሪያው ካፊያውንም መካከለኛውንም ዝናብ ይችለዋል፣ ሁለተኛው ገና ሲያንጠባጥብ ይጠፋል። በካፊያ የሚቆረጥ ዲሽ ካላችሁ ጥፋቱን ዝናቡ ላይ አትጫኑት፣ ዲሹ መጀመሪያውኑ በደንብ አልተስተካከለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ገጣሚው ምስል እንደመጣ "በቃ መጣ" ብሎ ብሎኑን አጥብቆ ይወርዳል፣ እዚህ ጋ ነው ማስቆም ያለባችሁ፣ ሪሲቨሩ ላይ ኳሊቲ የሚለውን እያያችሁ ዲሹን በትንሽ በትንሹ ግራ ቀኝ ላይ ታች፣ ኤልኤንቢውንም (ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል ተቀባይ) በመጠኑ እያዞረ ከዛ በላይ አልወጣም እስኪል ድረስ እንዲያስተካክለው አድርጉ። ስትሬንግዝ (ጉልበት) የሚለውን አትከተሉ፣ እሱ ኖይዙንም (የማይፈለገውን ሞገድ) ጨምሮ ስለሚቆጥር በዝናብ ጊዜ እንኳን ላይነቃነቅ ይችላል።

ጎረቤት ጋ ኢትዮሳት እየሠራ እናንተ ጋ ናይልሳት ከጠፋ ግራ አይግባችሁ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ኢትዮሳት ያለበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፣ ወደ 66 ዲግሪ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩት፣ ናይልሳት ያለበት 7 ዲግሪ ምዕራብ ግን ወደ 37 ዲግሪ ብቻ ነው። የናይልሳት ሲግናል ስለዚህ የበለጠ ዘንበል ብሎ ስለሚመጣ ዝናቡ ውስጥ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይጓዛል። ዝናቡ ያለበት አቅጣጫም ይወስናል፣ እናንተ ሰፈር ጠብ ሳይል በስተምዕራብ ዶፍ ከሆነ ናይልሳት ሊጠፋ ይችላል።

ዝናቡ ቆሞ ብዙም ሳይቆይ ከተመለሰ ሬይን ፌድ ነው፣ ምንም አትነካኩ። ፀሐይ ወጥቶም ካልመጣ ግን ሌላ ችግር ነው፣ ወይ ንፋሱ ዲሹን አንቀሳቅሶታል ወይ ውሃ ገብቷል። የኤልኤንቢው የፊት ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ይሰነጠቃል፣ በዛች ስንጥቅ ውሃ ይገባና ውስጥ ይቀራል። ብዙ ሰው ፌስታል ያስርበታል፣ ፌስታሉ ራሱ ስስ ስለሆነ ሲግናል አይከለክልም ግን እጥፋቱ ላይ ውሃ ከቋጠረ ያ ውሃ ሬይን ፌዱን ያባብሰዋል፣ ስለዚህ የተሰነጠቀውን መቀየር ነው የሚሻለው። የኬብሉን ጫፍም ነቅላችሁ እዩት፣ የመዳቡ ክር ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ እስከ ንጹሑ ቦታ ቆርጦ እንደገና መግጠምና መገጣጠሚያውን በጎማ ቴፕ ማሸግ ነው፣ ኬብሉ ወደ ኤልኤንቢው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ጎንበስ ብሎ እንዲያልፍ ካደረጋችሁት ደግሞ ውሃው እዛ ጋ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ መካከለኛ ዝናብ አሁንም የሚያቋርጥባችሁ ከሆነ ዲሹ አንሷል ማለት ነው፣ 60 ሳንቲ ሜትሩን በ90 ብትቀይሩት የሚሰበስበው ሲግናል ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ከዛ በኋላ የሚያቋርጣችሁ የእውነት ዶፍ ብቻ ነው።