ጥቃቅን የገጽታ ምላሾች፦ ንድፋቸውና በጎንደር ያላቸው አገልግሎት

ማይክሮ ኢንተራክሽን የሚባለው ተጠቃሚው በስልክ ወይም በኮምፒውተር ገጽ ላይ አንድ ነጠላ ተግባር ሲፈጽም የሚያገኘው አጭር ምላሽ ነው። የተነካ ቁልፍ ቀለሙን መለወጡ ወይም የይለፍ ቃል ሲሳሳት ሳጥኑ መንቀጥቀጡ ከዚሁ ይመደባል። የንድፍ ባለሙያው ዳን ሳፈር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን በማስነሻ፣ በአሠራር ደንቦች፣ በምላሽ፣ እንዲሁም በድግግሞሽና በሁነታ ከፍሎ አስረድቷል። ገጹን ወደ ታች ስቦ የማደስ ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ትዊተርን ለመጠቀም በተሠራው በትዊቲ መተግበሪያ የተስፋፋ ሲሆን፣ ፈጠራውም በአብዛኛው ለሎረን ብሪክተር ይሰጣል።

ስለ ፍጥነት የሚጠቀሰው የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው የጃኮብ ኒልሰን መለኪያ ነው፤ ምላሹ በ0.1 ሰከንድ ከመጣ ወዲያውኑ እንደሆነ ይቆጠራል፣ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ግን የተጠቃሚው ሐሳብ ወደ ሌላ ይሄዳል። በቴሌብር ሲከፈል ኔትወርኩ ከዘገየ ይህ ልዩነት ገንዘብ ነክ ይሆናል። ቁልፉ አንዴ እንደተነካ ካልተቆለፈና ክፍያው በሂደት ላይ መሆኑን ካላሳየ፣ በጎንደር ፒያሳ ሱቅ ፊት የቆመ ደንበኛ ቁልፉን እንደገና መንካቱ አይቀርም፤ ሁለት ጊዜም ሊከፍል ይችላል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ከሁሉ የሚልቀው ጉዳይ የፊደል አጻጻፍ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ከመካተቱ በፊት በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ይበላሽ ነበር። ዛሬ ችግሩ ወደ ጣት ጫፍ ወርዷል። በአንዳንድ የስልክ ኪቦርዶች «ለ» ሲነካ እስከ «ሎ» ያሉት ሰባቱ ቤቶች ከላይ ይደረደራሉ፤ ስፋቱ 360 ዲፒ (በአንድሮይድ የገጽ ስፋት የሚለካበት አሃድ) በሆነ ስልክ ለእያንዳንዳቸው 51 ዲፒ ያህል ስለሚደርስ አንድሮይድ ከሚመክረው 48 ዲፒ አያንስም። «ሏ» ስትጨመር ግን ድርሻው 45 ይሆናል፤ በ«ገ» ረድፍ ላይ «ጐ»ን ጨምሮ አምስቱ ዲቃላ ፊደላት ሲገቡ ወደ 30 ይወርዳል። ስለዚህ ዲቃላዎቹን ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ ብቻ እንዲወጡ ማድረግ የተለመደ ሆኗል፤ የከተማዋን ስም «ጐንደር» ብሎ ለሚጽፍ ሰው ይህ ፍትሐዊ ላይመስለው ይችላል።

አንጋፋው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ተመሥርቶ ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ትምህርትንም ይሰጣል። ጤናና ኮምፒውተር በአንድ ግቢ ባደጉበት በዚህ ተቋም፣ የቀጠሮ ቅጽን የመሰለ ጥሩ መለማመጃ አይገኝም። የቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ካለው ጳጉሜን 3 የተወለደ ሕፃን ልደት በትክክል አይመዘገብም፤ 13ኛው ወር ሲመረጥ ደግሞ ቀኖቹ እንደ ዓመቱ ወደ 5 ወይም 6 ማጠር አለባቸው። በሰዓት ላይም «2፡00» የመረጠ ታካሚ ጠዋት ይሁን ማታ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሚሠራ ሥርዓት ጋር በቀላሉ ይለያያል፤ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ሰዓቱ እንደተመረጠ ወዲያው ከሥሩ ቢታይ ግን ስሕተቱ ሳይመዘገብ ይታረማል።