«እናቱ የሞተችበትም፣ እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል»

ይህን አባባል በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ለሐዘንተኛ መንገር እየተለመደ መጥቷል። እናቱን በረጅም ሕመም ያጣን ሰው «በቃ ተው፣ የሞተችበትም ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል» ይሉታል፤ ማጽናናታቸው ነው። ተግሣጹ ግን የሚያርፈው እናቱ ማታ በምትመለስለት ልጅ ላይ ነበር።

አንዳንዶች «ወንዝ የወረደችበት» ይላሉ። በጅማ ዙሪያ ወንዙም ምንጩም ከደጅ አይርቅም፤ ውኃ የወረደች እናት ልጇ አልቅሶ ሳይወጣለት ትመለሳለች። ገበያ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ስለዚህ እኔ ለገበያው አደላለሁ።

የጅማው የሂርማታ ገበያ ከንጉሡ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀው በሐሙሱ ነው። ከሰቃ ወይም ከሰርቦ በእግሯ የምትመጣ ሴት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ጀርባዋ ላይ አንድ ፈረሱላ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና)፣ 17 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ካዘለች አራት አምስት ሰዓት ይፈጅባታል። ቅቤ ከያዘች ደግሞ በጨለማ መነሣት ግዴታዋ ነው። ቅቤው በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ፀሐይ ከበረታበት ግን ቀልጦ በቅጠሉ ስንጥቅ ይንጠባጠባል። መልሶ ቢረጋም ገዥ ያውቀዋል፣ ዋጋውን ይሰብርባታል። እናም ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ልጁ እንደተኛ ትወጣለች። ነቅቶ ካያት ቀሚሷን ይዞ አይለቅምና ሆን ብላ አትቀሰቅሰውም። ነግቶ ሲጠይቅ አያቱ «ገበያ ሄዳለች፣ ሸንኮራ ታመጣልሃለች» ትለዋለች።

አባባሉ የተወለደው ከዚህች መልስ ይመስለኛል። እናቱ ለሞተችበት ሕፃንም የሚሰጠው ይኸው ነውና። ታማ የሞተች እንደሆነ ደግሞ ልጁን ማሳመን አያስቸግርም፤ በሕይወት እያለች ስትሄድ አይቷታል። በቃሬዛ ነው የወጣችው፤ አራት ሰው ተሸክሟት፣ ተለዋጮቹ ከጎን እየሄዱ፣ ራሷ ዝቅ እንዳይል ዳገቱ ላይ በራስጌ፣ ቁልቁለቱ ላይ በግርጌ አስቀድመው። ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮቹ ወደከፈተው የጅማ ሆስፒታል ብዙዎች የወረዱት እንዲህ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ልጆች በአንድ ግቢ፣ አንድ መልስ ተሰጥቷቸው፣ አንዱን መንገድ እያዩ ያለቅሳሉ። ልቅሷቸው ለምን እኩል አይሆን? ግምት ነው ብትሉኝ ግምት ነው፤ አልለቀውም።

ለትልቅ ሰውም ያው መልስ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። አዲስ አበባ ላለው ልጅ «እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ቶሎ ና» ተብሎ ይደወላል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነ ቀብር አይቆይምና ሲደርስ አፈር ለብሳለች። በወጉ የሚነገር መርዶ ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሰውየው እንቅልፍ ካገኘ በኋላ ይረዳል። አስቀድሞ እሳቱ ይዳፈናል፣ ቢላው ይነሣል፤ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ጠንከር ያሉ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኙ ይቀመጣሉ። ማታ የተረዳ ሌሊቱን ብቻውን ይታገላል፤ በስልክ የተረዳ ደግሞ ደጋፊ በሌለበት ይወድቃል።

በዚህ ያለፈ ሰው «ትንሽ አሟታል» ሲባል እንደ ድሮው አይሰማም። ሌሊት ስልክ ከጮኸ ሳያነሣው ጫማውን ይፈልጋል። የታመመ ዘመድ ለመጠየቅም የቡና ለቀማው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው፣ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ቀዩ ቡና ዛፉ ላይ ቢደርቅ ዋጋው ይቀንሳል እንጂ ገዥ አያጣም። ማልዶ መንገድ ሲወጣም ልጁን ቀስቅሶ ተሰናብቶ ነው፤ ቢያለቅስበትም።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ «እኩል ያለቅሳል» የሚሉት! ለሐዘንተኛ «እግዜር ያጽናህ»፣ «አላህ ሶብር ይስጥህ» አለለት፤ ከዚያ ንፍሮውን ዘግኖ አጠገቡ መቀመጥ ነው። መጋዘኑ ሞልቶ ሳለ ዋጋ በሁለት ብር ወረደ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያላዝን የቡና ነጋዴ ሲያጋጥማችሁ ግን አባባሉን አትሰስቱበት።