ማውስና ኪቦርድ፦ ቋሚ ዕቃ ወይስ አላቂ?

በንብረት አያያዝ «ቋሚ ዕቃ» የሚባለው ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግልና ዋጋው በመመሪያ ከተወሰነው መነሻ የሚበልጥ ሲሆን፣ «አላቂ» ደግሞ እንደ ወረቀትና ቀለም ሲሠራበት የሚያልቀው ነው። ግራ የሚያጋባው ማውስን የመሰለው ነው፤ ዓመት ይሻገራል፣ ዋጋው ግን ትንሽ ነው። መለያ ቁጥር ለጥፎ፣ በየዓመቱ ቆጥሮ፣ ሲሰበርም ለማስወገድ ኮሚቴ መሰብሰብ ከዕቃው ዋጋ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በማውቀው አንድ ቢሮ ማውስና ኪቦርድ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ ሆነው እንደ አላቂ ይያዛሉ። ሆኖም ገመዱ የተላጠውን አሮጌ ማውስ ይዞ ያልመጣ ሠራተኛ አዲስ አያገኝም፤ ቀኑ፣ ስሙና ፊርማውም በንብረት ክፍሉ ደብተር ይሰፍራል። ለእኔ ይህ በቂ ቁጥጥር ነው።

ፍላሽና ተንቀሳቃሽ ሀርድ ዲስክ ግን በዋጋ ብቻ ሊመዘኑ አይገባም፤ የያዙት መረጃ ከራሳቸው ስለሚበልጥ፣ ርካሽም ቢሆኑ በተረካቢው ስም ተመዝግበው ሠራተኛው ሲለቅ ከክሊራንሱ በፊት መመለስ አለባቸው።

መተካትን በተመለከተ፣ ኪቦርድ እስኪበላሽ ይጠበቃል። የዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው መሣሪያ) ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ስለሚደክም፣ የተገጠመበት ቀን በላዩ ተጽፎ መተኪያው አስቀድሞ በበጀት ይያዛል።