ቪንሰን ማሲፍ

ቪንሰን ማሲፍ የአንታርክቲካን ከፍተኛ ጫፍ የያዘ ግዙፍ የተራራ ክምችት ነው። ከደቡብ ዋልታ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኤልስወርዝ ተራሮች ሰሜናዊ ክፍል በሴንቲኔል ሰንሰለት ላይ ይገኛል። ርዝመቱ 21፣ ወርዱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የቦታው አስገራሚ ነገር በዓይን የማይታየው ከፍታ ነው። በምዕራብ በኩል ገደሉ ወደ ኒሚትዝ የበረዶ ግግር ይወርዳል። ከሰንሰለቱ በስተምሥራቅ ደግሞ የረትፎርድ የበረዶ ጅረት ወደ ሮን ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ እያዘገመ ይፈሳል። የጅረቱ ወለል አንዳንድ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች 2,000 ሜትር ያህል ይጠልቃል። በረዶው ቢነሣ ኖሮ ተራራው ዛሬ ከምናየው እጅግ የገዘፈ ይመስል ነበር።

ድንጋዩም ከሩቅ የመጣ ነው። ኤልስወርዝ ተራሮች ያረፉበት የምድር ቅርፊት ጎንድዋና የተባለችው ጥንታዊት አህጉር ስትበታተን 90 ዲግሪ ያህል ዞሮ አሁን ወዳለበት እንደተጓዘ የሥነ ምድር ጥናቶች ያመለክታሉ። በሴንቲኔል ሰሜናዊ ጫፍ ግሎሶፕቴሪስ የተባለ የጠፋ ጥንታዊ ዛፍ ቅጠል ቅሪተ አካል ተገኝቷል፤ ዛሬ አንድ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር!

አሜሪካዊው አሳሽ ሊንከን ኤልስወርዝ ሰንሰለቱን በኅዳር 1935 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በአውሮፕላን ሲያልፍ አየውና ከሩቅ ጎልቶ ስለሚታይ «ዘብ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ማሲፉ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1958 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ሲታይ ነው። ስሙ የአንታርክቲካን ምርምር ይደግፉ ለነበሩት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ለካርል ቪንሰን መታሰቢያ ነው። ቁመቱ ለዓመታት 5,140 ሜትር ተብሎ ሲጠቀስ ኖሮ፣ በኋላ ወደ 4,897 ዝቅ አለ፤ በ2004 በጂፒኤስ ሲለካ 4,892 ሆነ። የድሮውን ቁጥር የያዙ ካርታዎች ዛሬም ያሳስታሉ።

አየሩ ደረቅ ነው፤ የሚወርደው በረዶ ጥቂት ቢሆንም ስለማይቀልጥ እየተደራረበ ይቆያል። በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ቅዝቃዜው ግን ያኔም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል።

ጫፉ ላይ መጀመሪያ የተወጣው በኒኮላስ ክሊንች የተመራ የአሜሪካውያን ቡድን በታኅሣሥ 1966 ባደረገው ጉዞ ነው። ዛሬ ተራራ ወጪዎች ከቺሊዋ ፑንታ አሬናስ በአውሮፕላን ተነሥተው በዩኒየን የበረዶ ግግር ሰማያዊ በረዶ ላይ ያርፋሉ፤ ከዚያ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት አነስተኛ አውሮፕላን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የብራንስኮም ሰፈር ይሻገራሉ። የተለመደው መንገድ ጉልበትንና ብርድ መቻልን እንጂ ረቂቅ የአወጣጥ ጥበብን እምብዛም አይጠይቅም። በስተሰሜን ያለው የታይሪ ተራራ 4,852 ሜትር ነው፤ ከቪንሰን የሚያንሰው በ40 ሜትር ብቻ ቢሆንም አቀበቱ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ የወጡት ሰዎች ጥቂት ናቸው።