ኮዚ ሚስትሪ ምንድን ነው?

ኮዚ ሚስትሪ ባጭሩ ግድያ ያለበት ግን ደም የማይታይበት የወንጀል ልቦለድ ነው። ሰው ይሞታል፣ ብዙ ጊዜም ገና በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነው የሚሞተው፣ ግን ቁስል እያገላበጠ የሚያሳየን የለም፣ ስድብ የለም፣ የፍቅር ነገር ካለም በሩ ተዘግቶ ነው የሚያልፈው። ቦታው ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት መንደር ወይ ትንሽ ከተማ ነው። ነገሩን የሚፈታው ደግሞ ፖሊስ ሳይሆን ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ የላይብረሪ ሰራተኛ፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ምናምን ነው፣ አማተር መርማሪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው፣ መታወቂያ የላቸው ሽጉጥ የላቸው ማንንም ማሰር አይችሉም፣ ሰው ግን ያውቃሉ።

ብዙ ሰው ሲያስረዳ እዚህ ጋ ያቆማል፣ ድመትና ሻይ ያለበት መጽሐፍ ነው ብሎ በቃ። እኔን ይሄ አይበቃኝም። እኔ እንደገባኝ የዚህ ዘውግ ልቡ ጥርጣሬ ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ሰው ሲገደል የሚጎዳው የሞተው ብቻ አይደለም እኮ፣ ገዳዩ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ተጠርጣሪ ነው፣ ትላንት ቡና አብራችሁ ስትጠጡ የነበረች ጎረቤት ዛሬ በሌላ አይን ታያችኋለች፣ ልጇን እናንተ ቤት አትልክም፣ ሰላምታዋ ያጥራል። ስለዚ ማን ገደለ ከሚለው እኩል ማን አልገደለም የሚለው ያስጨንቃል፣ ጎበዝ አማተር መርማሪም የምትሮጠው ንጹሁን ሰው ከሀሜት ለማውጣት ነው።

አንድ መጽሐፍ ቀረብ ብለን እንይ። አጋታ ክሪስቲ በ1942 ያወጣችው ዘ ቦዲ ኢን ዘ ላይብረሪ (ዓመተ ምህረቱ እዚህ ጽሁፍ ላይ ሁሉ የፈረንጅ ነው)። ኮሎኔል ባንትሪና ሚስቱ ዶሊ ጠዋት ገና ከአልጋ ሳይወርዱ ሰራተኛዋ በድንጋጤ ትመጣለች፣ ላይብረሪው ውስጥ ሬሳ አለ። ወርደው ሲያዩ እውነትም አንዲት ወጣት ልጅ የሚያብረቀርቅ የማታ ቀሚስ ለብሳ ታንቃ ሞታለች፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድም የሚያውቃት ሰው የለም። ዶሊ ወዲያው ጓደኛዋን ሚስ ማርፕልን ታስጠራለች። ሚስ ማርፕል ማለት ሴንት ሜሪ ሚድ የምትባል መንደር የምትኖር፣ አግብታ የማታውቅ፣ ሹራብ የምትሰራ፣ አትክልቷን የምትንከባከብ አሮጊት ነች።

እኔ ይሄን መጽሐፍ የምወድበት ዋና ምክንያት ኮሎኔሉ ነው። ሰውየው ምንም አላደረገም። ግን ሰው ማውራት ይጀምራል፣ ሽማግሌ ሰውዬ ቤት ውስጥ ወጣት ልጅ ምን ትሰራለች፣ እያሉ እያሉ ሰው ይሸሸዋል፣ ግብዣው ይቀንሳል፣ እሱም ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ይሰበሰባል። ማንም ፊት ለፊት አንተ ነህ አይለውም፣ ስለዚ መልስ የሚሰጥበት ቦታ እንኳን የለውም። ዶሊና ሚስ ማርፕል የገባቸው ይሄ ነው፣ ገዳዩ ካልተገኘ ኮሎኔሉ እስከ እድሜ ልኩ እንደተጠረጠረ ነው የሚቀረው፣ ፍርድ ቤት ነጻ አያወጣውም ምክንያቱም የከሰሰው ሰው የለም። እዚህ ጋ አማተሯ ለምን ጣልቃ ገባች የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ የጓደኛዋ ቤት እየፈረሰ ነው!

አሁን ደግሞ እንዴት እንደምታገኘው እዩ። ፖሊሶቹ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ መኪና ያጣራሉ፣ ስራቸውን በደንብ ነው የሚሰሩት። ሚስ ማርፕል ግን የሟቿን ጥፍር ታያለች፣ በጥርስ የተበላ ነው። ቀሚሱን ታያለች፣ አሮጌ ነው። ሬሳዋ የሷ ነው የተባለችው ልጅ ማታ ወንድ ልታገኝ ወጥታ ከሆነ ያላትን ምርጥ ልብስ ነበር የምትለብሰው፣ አሮጌውን ለምን? ይሄ ላብራቶሪ የሚነግራችሁ ነገር አይደለም፣ ሴት ልጅ ለቀጠሮ እንዴት እንደምትዘጋጅ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፣ መጨረሻውን ማበላሸት ነው።

አማተር መርማሪ ከፖሊስ የምትቀድመው በእውቀት ነው እንጂ በእድል አይደለም፣ መሆንም የለበትም። ሚስ ማርፕል ሰው ስታይ ሁልጊዜ የመንደሯ ሰው ትዝ ይላታል፣ ይሄ ልጅ እገሌን ይመስላል፣ ያኛዋ እገሊትን ትመስላለች፣ እነሱም እንዲህ አድርገው ነበር ትላለች፣ የሚሰማት ሰው ይሰለቻል፣ መጨረሻ ላይ ግን ትክክል ሆና ትገኛለች። ፖሊሶቹም ምስኪን አሮጊት ናት ብለው ፊቷ ላይ ሁሉንም ያወራሉ።

ይሄንን ዘውግ ያቋቋመችው ክሪስቲ ብቻ ናት ማለቴ አይደለም ግን መነሻው ያለ እሷ አይነገርም። በ1890 እንግሊዝ አገር ቶርኪ ተወለደች፣ በአንደኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል መድሃኒት ክፍል ውስጥ ሰርታለች፣ መርዝ አዋቂነቷ ከዛ ነው የመጣው። ሚስ ማርፕል አጭር ልቦለድ ላይ የታየችው በ1927 ነው፣ የመጀመሪያ ሙሉ መጽሐፏ በ1930 ወጣ፣ በጠቅላላው 12 ልቦለዶች አሏት። የክሪስቲን ሌላውን መርማሪ ፓሮን (ፖይሮ የሚሉትም አሉ) ከአማተር ጋር የሚደባልቁ አሉ፣ እሱ ግን የቤልጅግ ፖሊስ የነበረ፣ ለስራው የሚከፈለው ሰው ነው።

በዛው ዘመን ሮናልድ ኖክስ የሚባል ቄስ፣ እሱም የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ነው፣ በ1929 አስር ህግ ጻፈ። መርማሪው ራሱ ገዳይ አይሁን፣ ከአንድ በላይ የሚስጥር መተላለፊያ አይኑር፣ እድል አይርዳው፣ ያገኘውን ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢው ያሳይ። የመጨረሻዋ ለኔ ከሁሉም ትበልጣለች። አንባቢው መርማሪዋ ያየችውን ሁሉ አይቶ ሳይገባው ሲቀር ነው ደስታው፣ ደራሲው ደብቆት ከሆነ ግን ተታልያለሁ ነው የሚለው፣ መብቱም ነው።

ይሄ ሁሉ ውሸት ነው ያሉም ነበሩ። አሜሪካዊው የወንጀል ልቦለድ ደራሲ ሬይመንድ ቻንድለር በ1944 በጻፈው ድርሰት የእንግሊዞቹን ታሪኮች ሰው ሰራሽ ናቸው ብሎ ክፉኛ ተቸ፣ ግድያ ያለው መንገድ ላይ ነው፣ ምክንያት ባላቸው ሰዎች እጅ ነው አይነት ነገር። ቻንድለርን አከብራለሁ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ውርስ፣ ቅናት፣ ሚስጥሬ ይወጣል የሚል ፍርሃት፣ እነዚህ የመንደር ምክንያቶች ናቸው፣ ምክንያትነታቸው ደግሞ ከማንም አያንስም።

እኛም ይሄን ስሜት የምናውቀው ይመስለኛል። ድሮ አገር ቤት አፈርሳታ ወይ አውጫጭኝ የሚባል ነበር፣ ጥፋት ሲፈጸምና አጥፊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ይሰበሰባል፣ ይጠየቃል፣ እስኪታወቅ ስራው ይታገታል፣ ካልተገኘም አገሬው ካሳውን አብሮ ይከፍላል። የአንድ ሰው ጥፋት የሁሉም ሸክም ሆነ ማለት ነው። ኮዚ መጨረሻ ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰብስበው አሮጊቷ ስታወራ ባነበብኩ ቁጥር አፈርሳታው ትዝ ይለኛል፣ እዛ ክፍል ውስጥ ያሉት ንጹሃን ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ ነገሩ በጣም ሰፍቷል። ከ1984 እስከ 1996 መርደር ሺ ሮት የሚባል የአሜሪካ ድራማ ነበረ፣ አንጄላ ላንስበሪ ግድያ የምትመረምረውን ደራሲ ጄሲካ ፍሌቸርን ሆና የሰራችበት፣ 264 ክፍል። የምግብ ኮዚም አለ፣ መጽሐፉ ውስጥ የኩኪስ አሰራር የሚሰጣችሁ፣ የአበባ ሱቅ፣ የክር ሱቅ፣ የመጽሐፍ ሱቅ ኮዚም አለ። እዚህ ጋ ነው እኔ የምበሳጨው። ሱቁ ደስ ይላል ሽታው እስኪመጣላችሁ ይጻፋል፣ ግድያው ግን የተረሳ እንግዳ ነው፣ ጀግናዋ ያለ ምንም ምክንያት ማስረጃ ከፖሊስ ትደብቃለች፣ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ቤቷ ድረስ ሽጉጥ ይዞ መጥቶ ሁሉንም ራሱ ይተርክላታል። እንግዲህ ምን መረመረች? አልፎ ተርፎም ሟቹን ሁሉም የሚጠላው ሰው ያደርጉትና ማንም አያለቅስለትም። ሰው ሞቶ መንደሩ ካላዘነ እኔም ማን እንደገደለው ማወቅ አያጓጓኝም።

በደንብ የሰሩትም አሉ። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በ1998 የጀመረው የቦትስዋናዋ ማ ራሞትስዌ ታሪክ ላይ ሴትየዋ አባቷ ያወረሷትን ከብት ሸጣ ነው ጋቦሮኔ ላይ የምርመራ ቢሮ የምትከፍተው፣ ጉዳዮቿ አብዛኞቹ ግድያ እንኳን አይደሉም፣ የጠፋ ባል፣ የሚያታልል ሰው፣ በሻይና በሰላምታ ነው የምትፈታቸው። ሪቻርድ ኦስማን በ2020 ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ ኬንት ውስጥ ባለ የጡረተኞች መንደር አራት አዛውንት ያሰባስባል፣ የድሮ ሰላይ፣ ነርስ፣ የሳይካትሪ ሀኪም፣ የሰራተኛ ማህበር መሪ። ሰላይዋ ኤልዛቤት ቤቷ ውስጥ የመርሳት ህመም ያለበት ባል አላት፣ ቀን ገዳይ ትፈልጋለች ማታ እሱን ታስታምማለች። ዘውጉ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች እነዛን ገጾች ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ላላችሁ፣ ማሊስ ዶሜስቲክ የሚባል የዚህ ዘውግ ጉባኤ ከ1989 ጀምሮ እዛው አካባቢ ይካሄዳል፣ በክሪስቲ ስም የተሰየመውን የአጋታ ሽልማትም የሚሰጡት እዛ ነው።

መጀመር የምትፈልጉ ከላይ ካልኩት ከ1942ቱ መጽሐፍ ጀምሩ፣ አጭር ነው። ፊልም የሚቀናችሁ ከሆነ ጆአን ሂክሰን የሰራችበትን የ1984ቱን ፈልጉ፣ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው። የ2004ቱ የቲቪ ስራ ግን መጨረሻውን ቀይሮታል፣ መጽሐፉን ሳታነቡ እሱን እንዳታዩት።