ውርስ ትርጉም ምንድን ነው?

ሀዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ስለ ፊልም ስናወራ ሳትነሳ የማትቀር ክርክር አለች፦ «ፊልሙ መጽሐፉን አበላሸው!» ይህን ክርክር የሚፈታልን ቃል አማርኛ ካበጀ ቆይቷል፤ «ውርስ ትርጉም» ይባላል። አዘጋጁ ቃል በቃል አልተረጎመም፤ ታሪኩን ወርሶ ለራሱ መድረክና ተመልካች እንደሚሆን አድርጎ ሠራው ማለት ነው። ወራሽ ደግሞ ዘበኛ አይደለም፤ በወረሰው ቤት ግድግዳ ሊያፈርስ፣ ክፍል ሊጨምር ይችላል።

ኮሜዲ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በፊታውራሪ መሸሻ የምንስቀው በሚያደርጉት ብቻ አይደለም፤ ሐዲስ አለማየሁ ነገሩን በሚያወሩበት ለዛም ጭምር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያ ለዛ አብሮት መጣ። ካሜራ ግን ተራኪ የለውም፤ ሳቁን ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

«ሚስስ ዳውትፋየር»ን ብዙዎቻችን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ፊልም የተወሰደው አን ፋይን በ1987 ካሳተመችው «ማዳም ዳውትፋየር» ከተባለ ልቦለድ ነው። በሁለቱም ውስጥ ከሚስቱ የተፋታ አባት ልጆቹ ናፍቀውት እንደ ሴትዮ ለብሶ እናታቸው ቤት ይቀጠራል። በመጽሐፉ ትልልቆቹ ልጆች አባታቸውን ወዲያው ይለዩታል። ስለዚህ ስንስቅ ከእነሱ ጋር ምስጢር ጠባቂ ሆነን፣ እናትየው ነቃች አልነቃች እያልን ነው። በፊልሙ ግን ልጆቹም ለረጅም ጊዜ አያውቁም፤ የምናውቀው እኛ ነን። ሳቁም ሙሉ በሙሉ አባትየውን በሚጫወተው በሮቢን ዊልያምስ ፊት ላይ ይወድቃል።

ኬኳን አስታውሱ። ሴትዮ የሚመስልበት ጭምብሉ በመስኮት ወድቆ መኪና ጨፍልቆበታል፣ ከፍርድ ቤት ተልካ የምትቆጣጠረው ሴትዮ ቤቱ ተቀምጣለች። ሰውየው ፊቱን ኬክ ውስጥ ነክሮ ብቅ ይላል፤ ክሬሙ እየቀለጠ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሻይዋ ውስጥ ይገባል። ይህን በጽሑፍ ብታነቡት ፈገግ ትሉ ይሆናል፤ ስታዩት ግን ሆዳችሁን ይዛችሁ ነው የምትስቁት።

ለእኔ ይህ ወራሹ የጨመረው ክፍል ነው፤ እወደዋለሁ። የፈረሰችው ግድግዳ ግን ታሳዝነኛለች፦ አባታቸውን አውቀው፣ እናታቸውን ፈርተው፣ በሁለቱ መካከል ዝም ያሉት የመጽሐፉ ልጆች። ፊልሙን ብቻ ያያችሁ እነሱን ገና አላገኛችኋቸውም።