በቆዩ የእጅ ቦምቦች ላይ የሚገኘው የአምራች ምልክት ምንድን ነው?

የአምራች ምልክት የሚባለው፣ አንድን የጦር መሣሪያ ክፍል የሠራው ፋብሪካ በዚያው ክፍል ላይ ያሳረፈው ስም፣ ምህጻረ ቃል፣ ኮድ ወይም ዓርማ ነው። የቆዩ የእጅ ቦምቦችን የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ነገር፣ ምልክቱ የሚመሰክረው ስላረፈበት ክፍል ብቻ መሆኑን ነው፤ አካሉን አንድ ፋብሪካ፣ መክደኛውን ሌላው፣ ማቀጣጠያውን ደግሞ ሦስተኛው ሊሠራው ይችላልና።

ለዚህ እንግሊዞች ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታጠቁት የሚልስ ቦምብ ጥሩ ማሳያ ነው። ከግርጌው በጥርስ የሚገጠመው ክብ መክደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሞዴሉን ቁጥር፣ የአምራቹን ስም፣ እንዲሁም የተሠራበትን ወርና ዓመት ይይዛል፤ «5/16» ቢል ሜይ 1916 ማለት ነው። በብረት አካሉ ላይ ግን ብረቱን አቅልጦ ያወጣው ፋብሪካ የራሱ ፊደል ሊገኝ ይችላል። መክደኛው የሚፈታ በመሆኑ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ስለዚህ በእሱ ላይ የተጻፈው ዓመት የመላውን ቦምብ ዕድሜ አያረጋግጥም። «36» የሚለውን ዓመት አድርጎ የሚያነብም አይጠፋም፤ ነገር ግን ይህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወጣ ሞዴል መለያ ቁጥር ነው።

ደግሞም ምልክት ሁሉ የአምራች አይደለም። የእንግሊዞቹ የቀስት ምልክት ንብረቱ የመንግሥት መሆኑን ሲያመለክት፣ በጀርመን መሣሪያዎች ላይ ከቁጥር ጋር የሚታየው ንስር የተቆጣጣሪው ማኅተም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፋብሪካዎች ማንነታቸውን ለመሰወር በስማቸው ፈንታ የፊደላት ኮድ ይመቱ ስለነበር፣ የኮዶቹን ዝርዝር ያልያዘ ሰው አምራቹን ሊለይ አይችልም። ኢጣሊያኖች በተቃራኒው ብሬዳና ኦቶ የተባሉትን የ1935 ሞዴል ቦምቦች በየአምራቾቻቸው ስም ጠርተዋቸዋል።

ይህ ሁሉ ንባብ የሚጀምረው ቦምቡ ባዶ መሆኑን ባለሙያ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ያልተረጋገጠውን መንካት፣ መፍታትም ሆነ መፈግፈግ አይገባም፤ ቦምቡ ካለበት ርቆ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው የሚበጀው። የተረጋገጠውንም ቢሆን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ከመፋቅ ይልቅ ከጎን ብርሃን ማብራት ይሻላል፤ ጥላው የደበዘዘውን ፊደል ያጎላዋልና። ከቅርጹ ጋር አብረው የወጡ ፊደላት ከፍ ብለው ሲታዩ፣ በኋላ የተመቱት ግን ወደ ውስጥ የሰረጉ ናቸው። ከዋናው ላይ ቅርጽ ተወስዶ የተሠራ ቅጂ፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል፤ የፊደላቱም ጠርዝ ደነዝ ይላል።